ድራጎን ፍሩት ችግኝ ልትገዙ ላሰባችሁ፦ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ የድራጎን ፍሩት ችግኝ ገበያ ደርቷል። "በስድስት ወር ፍሬ ይሰጣል"፣ "በረንዳ ላይ ይበቅላል"፣ "ውሃም እንክብካቤም አይፈልግም"፣ ዴሊቨሪ በነጻ። ፎቶው ላይ ሁሌም ያ ሮዝ ፍሬ ተንዠርግጎ ይታያል። እኔ ተክሉ ግቢዬ ውስጥ አለኝ፣ በጣም እወደዋለሁ። ሰው በስሙ ሲዘረፍ እያየሁ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ችግኝ ገዝተው "ልጄ፣ እስቲ እይልኝ" አሉኝ። ሙሉውን ብር አስቀድመው ልከዋል። ተክሉ አረንጓዴ ነው፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፣ እሾህም አለው፤ ለማያውቀው ሰው ቁርጥ ድራጎን ፍሩት ይመስላል። ጫፉን በቢላ ትንሽ ሸረፍ አደረግኩት። ነጭ ወተት ዱብ ዱብ አለ። የቁልቋል ዘመድ ነው፣ ለጌጥ የሚተከለው ዓይነት። ድራጎን ፍሩት ሲቆረጥ ወተት የለውም፤ የሚወጣው ልክ እሾሃማው በለስ ሲቆረጥ እንደሚወጣው ጥርት ያለ፣ የሚያዝለገልግ ፈሳሽ ነው፣ ምክንያቱም ድራጎን ፍሩትና በለስ ሁለቱም የካክተስ ቤተሰብ ናቸው፣ ሁለቱም መጀመሪያ የመጡት ከወደ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ቁልቋል ግን ሌላ ቤተሰብ ነው። የፈለገውን ያህል ብትንከባከቡት ድራጎን ፍሩት አያፈራም። ሻጩ ሲደወልለት መጀመሪያ "እማማ፣ ይታገሱ" አላቸው፣ ቀጥሎ ብሎክ አደረጋቸው።

ይሄ ዓይን ያወጣው ማጭበርበር ነው። የባሰው ግን እውነተኛ ድራጎን ፍሩት ሸጠው የሚያታልሉት ናቸው፣ ምክንያቱም እስክትነቁ ዓመታት ያልፋሉ።

አንድ ድራጎን ፍሩት ስትቆርጡ በውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጥቁር ዘሮች አሉ። አጥባችሁ እርጥብ አፈር ላይ ብትበትኗቸው በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይበቅላሉ። ማንም ሰው ከአንድ ፍሬ መደብ ሙሉ ችግኝ ማውጣት ይችላል፣ እነሱም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከዘር የበቀለ ተክል ፍሬ ለመስጠት አራት አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከትልቅ ተክል ተቆርጦ የተተከለ ቅርንጫፍ ግን ከተመቸው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ያፈራል። በስድስት ወር የሚባለውን እርሱት።

ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ከዘር የወጣው ቀጭን ነው፣ እሾሁ ፀጉር መሳይና ለስላሳ ነው፣ ከአፈሩ ጀምሮ ወጥ ሆኖ ነው የሚያድገው። ቅርንጫፉ ግን ወፍራምና ጠንካራ ነው፣ ጫፉ ላይ የተቆረጠበት ጠባሳ ይታያል፣ አዲሱ ለጋ ደግሞ ከጎኑ ነው የሚወጣው። ሻጩ የችግኙን ሳይሆን የፍሬውን ፎቶ ብቻ የሚልክላችሁ ከሆነ፣ ቅርንጫፉ የተቆረጠበትን እናት ተክል አሳየኝ ሲባል ሰበብ የሚያበዛ ከሆነ፣ ተዉት።

"ሰማያዊ ድራጎን ፍሩት" ብሎ ዘር የሚሸጥም አለ። እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ልጣጩ ሮዝ፣ ቀይ ወይም ቢጫ ነው፤ ውስጡ ነጭ፣ ሮዝ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ነው። ሰማያዊው ፎቶ ላይ የተቀባ ቀለም ነው።

ሌላም ሻጮች ጭጭ የሚሉበት ነገር አለ። አበባው የሚፈካው ማታ ነው፣ ያውም ለአንድ ሌሊት ብቻ። ሲነጋ ይጠወልጋል። በተፈጥሮ ቦታው የሌሊት ወፍና የእሳት ራት ናቸው የአበባውን ዱቄት የሚያዳርሱት። ውስጣቸው ቀይ ከሆኑት ዝርያዎች ብዙዎቹ ደግሞ በራሳቸው ዱቄት ፍሬ አይቋጥሩም፤ የሌላ ዝርያ አበባ በአጠገባቸው ይፈልጋሉ፣ ሰውም ማታ በብሩሽ ሊያዳርስላቸው ይገባል። ቀዩ ስለሚያምር ብቻ አንድ ነጠላ ተክል በውድ ገዝቶ በየዓመቱ አበባ ሲረግፍበት የሚያይ ሰው አለ። ስለዚህ "ብቻውን ያፈራል ወይ? ዝርያው ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የማያውቅ ሰው የሚሸጠውን አያውቅም።

ቦታችሁንም አስቡ። ተክሉ ሙቀት ይወዳል። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ድሬዳዋ ላላችሁ አየሩ ይስማማዋል። አዲስ አበባ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ እድገቱን ስለሚያዘገየው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከግድግዳ የተጠጋ ቦታ ስጡት። ደብረ ብርሃንን የመሰለ ውርጭ የሚጥልበት አገር ላይ ሜዳ ላይ ተክሎ ፍሬ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው። ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ክረምቱ ሥሩን ያበሰብሰዋል፣ አሸዋና የበሰለ ፍግ ቀላቅላችሁ ከፍ ያለ መደብ ሥሩለት። ውሃ አይፈልግም የሚባለውም ውሸት ነው፣ በበጋ ይጠጣል፤ የማይችለው ውሃ ሲተኛበት ነው። በረንዳ የተባለውም ያው ነው። ይህ የሚንጠላጠል ተክል ነው፣ ሲያድግ በጣም ይከብዳል፣ የሰው ቁመት የሚያህል ጠንካራ ቋሚ ይፈልጋል።

መግዛት ካለባችሁ ሄዳችሁ እናት ተክሉን አይታችሁ፣ ብሩን እቃው እጃችሁ ሲገባ ብቻ ክፈሉ፣ ደረሰኝም ጠይቁ። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለምትገዙት ነገር ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል፣ ግን ማስረጃ ከሌላችሁ መከራከሩ ከባድ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ተክሉ ያለውን ሰው መጠየቅ ነው። በየጊዜው ስለሚገረዝ ቅርንጫፍ አይጠፋም። ክንድ የሚያህል ውሰዱ፣ የተቆረጠበት እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ አቆዩት፣ ታችና ላዩን ሳታገላብጡ ትከሉት።

አሁን የገዛችሁትን ደግሞ ዛሬውኑ ጫፉን ትንሽ ሸርፋችሁ እዩ። ነጭ ወተት ካወጣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ዓይናችሁን አትንኩ፣ ወተቱ ዓይን ክፉኛ ይጎዳል። ሕፃን የሚጫወትበት ግቢ ከሆነ በጓንት ነቅላችሁ አውጡት። የሻጩን መልእክትና የከፈላችሁበትን ማስረጃ ግን እንዳታጠፉ።