ቫንዳንዥ (ወይን ለቀማ) ለምታስቡ ሁሉ፦ ቦዦሌ ያሉትን ማዳም ላመስግናቸው

ሰላም ወገኖቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ፈረንሳይ ያላችሁ፣ በተለይ ሊዮንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ይቺን ጽሁፍ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቧት። ትንሽ ትረዝማለች። ግን ለሥራ ፈላጊ ትጠቅማለች፣ እኔም የሆዴን ካላወጣሁ አይወጣልኝም።

እኔና ባለቤቴ በፈረንጆቹ 2024ም በ2025ም ቦዦሌ፣ ሊዮን አጠገብ ባለው የወይን አገር፣ ወይን ለቀማ ሠርተናል። ሁለቱንም ጊዜ አንድ ቤት ነው። ከሊዮን ፓርዲዩ በባቡር ተሳፍራችሁ ቤልቪል ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ወደ ኮረብታው በመኪና ይወስዷችኋል። ትንሽ የቤተሰብ እርሻ ናት። ባለቤቷ ስድሳውን ያለፉ ሴት ናቸው፣ ከልጃቸው ጋር ነው የሚሠሩት። እኛ ማዳም ነው የምንላቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ነግረውኛል፣ ስለዚህ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስልካቸውን ለሥራ ፈላጊ እንድሰጥ ራሳቸው ፈቅደዋል። እኔ ግን ሳላመሰግን ማለፍ አልችልም። ማዳም፣ አማርኛ ባያነቡም፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጅዎንም ይባርክልዎ።

ምስጋናው ለምን እንደበዛ እንዲገባችሁ፣ መጀመሪያ ያየነውን ልንገራችሁ።

ከቦዦሌ በፊት ደቡብ በኩል ወይን ለቀማ ሄደን ነበር። ቦታውን አልጠራም፣ ሰውዬውንም አልጠራም፣ እሱን ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ። የወሰደን ደላላ ያገራችን ልጅ መሆኑ ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ። «ፈረንሳዩን እኔ አናግረዋለሁ፣ እናንተ ብቻ ሥሩ» አለን። የመኖሪያ ካርዳችንን «ለወረቀት ጉዳይ» ብሎ ሰበሰበ። ውል የሚባል ነገር አልፈረምንም። ያደርነው የትራክተር ማቆሚያ ውስጥ ነው። ሲሚንቶ ላይ የተዘረጋ ፍራሽ፣ ለሁላችንም አንድ ቧንቧ፣ ወንዱም ሴቱም አንድ ላይ። ባልና ሚስት ነን ብንላቸው ሳቁብን። ለፍራሹ ይቆረጣል፣ ለመኪናው ይቆረጣል፣ ዝናብ ሲዘንብ የቆምንበት ሰዓት ይቆረጣል። አንድ አብሮን የሚሠራ ልጅ እጁን በመቀስ ቆርጦ ደሙን እያንጠባጠበ ሲመጣ፣ ነገ እንዳትመጣ ተባለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፋሻ እንኳን የሰጠው የለም፣ ሻሼን ቀድጄ ያሰርኩለት እኔ ነኝ።

ሥራው ሲያልቅ «ብሩ በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል» ተባልን። ካርዳችንን በስንት ልመና ተቀበልን። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም አለፈ፣ ከዚያ ስልኩን ዘጋብን። ላባችንን በላው። አቤት ልንል ስንሄድ የተጠየቅነው አንድ ነገር ነው፣ ውል አላችሁ? የክፍያ ወረቀት አላችሁ? ምንም የለንም። ባለቤቴ ያን ቀን ቤት እስክንገባ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ደግሞ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2023 ሻምፓኝ ውስጥ ኔል ለ ረፖን በምትባል መንደር ከ50 በላይ ወይን ለቃሚዎች፣ አብዛኞቹ የምዕራብ አፍሪካ ልጆች፣ ለሰው በማይሆን ቤት ውስጥ ታጉረው ተገኙ። በፈረንጆቹ ጁላይ 2025 የሻሎን ፍርድ ቤት ሦስት ሰዎችን በሰው ንግድ ጥፋተኛ ብሎ ፈረደባቸው። ዜናውን ባለቤቴ ሲያነብልኝ ደሜ ፈላ። የዚያ ሁሉ ሻምፓኝ ጠርሙስ ሲከፈት ቢያንስ አንድ ሰው ስለነዚያ ልጆች ቢያስብ ምን አለበት።

ወደ ማዳም ልመለስ። ያገኘናቸው ፍራንስ ትራቫይ፣ የመንግሥት ሥራ አገናኙ መሥሪያ ቤት፣ ላይ በወጣ ማስታወቂያ ነው። ስደውል ፈረንሳይኛዬ እየተንተባተበ ነበር፣ እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣ እየደጋገሙ አስረዱኝ። ከዚያ ካርዳችሁንና የሶሲያል ቁጥራችሁን አምጡ ሲሉ ልቤ ቀጥ አለ። አሁንም ካርድ! የደረስን ዕለት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ካርዴን ሰጠኋቸው። ማሽኑ ላይ አድርገው ኮፒ አነሱና እዚያው መልሰው በእጄ አስጨበጡኝ። ከዚያ ወደ ቦርሳዬ እያመለከቱ «ክተቺው፣ ያንቺ ነው» አሉኝ። የባለቤቴንም እንደዚያው። ሌላው ሰው ምን አለው ይሄ ሊል ይችላል። እኔ ግን ፈረንሳይ ከመምጣቴ በፊት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርቻለሁ፣ ፓስፖርቴ እስክወጣ ድረስ የአሠሪዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። ወረቀቷን የተቀማች ሴት ናት የሚገባት። ዘወር ብዬ እንባዬን ጠረግኩ።

ውሉን ያነበቡልን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ኮንትራ ቫንዳንዥ ይሉታል፣ አንዱ ውል ከአንድ ወር አይበልጥም። ሰዓቱ ተጽፏል፣ ክፍያው ተጽፏል። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በፈረንጆቹ 2025 ያልተጣራው 11.88 ዩሮ ነበር፣ ከዓመቱ ዝቅተኛ ክፍያ በታች ማንም እንዳይነግራችሁ። ከዚያ ኮምፒውተር ላይ የሆነ ነገር ለኤምኤስኣ ላኩ፣ የገበሬውና የእርሻ ሠራተኛው ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ነው። ሠራተኛ መቀስ ከመያዙ በፊት መላክ አለበት አሉ። ዝርዝሩን አትጠይቁኝ፣ አላውቀውም። መላኩ ምን እንደሚጠቅም ግን በኋላ በራሴ ጣት አየሁት።

በፈረንጆቹ 2024 እንቁጣጣሽ ረቡዕ ዋለ። በማግስቱ ጠዋት ነው። ቅጠሉ በጤዛ ርሷል። የቦዦሌ የወይን ግንድ አጭር ነው፣ አሮጌዎቹ ከጉልበት ብዙም አያልፉም፣ ጎንበስ ብላችሁ ቅጠሉን ገልጣችሁ ነው ዘለላውን የምትፈልጉት። ግራ እጅ ዘለላውን ከስር ይይዛል፣ ቀኝ እጅ ይቆርጣል። ቆረጥኩ ስል የቆረጥኩት የራሴን አመልካች ጣት ነው። ሴካተር የሚሉት መቀስ ቀልድ አያውቅም። መጀመሪያ አላመመኝም፣ ደሙ ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ነው ያየሁት። እናም ምን አደረግኩ? ደበቅኩት። ያ ልጅ ነገ እንዳትመጣ የተባለው ትዝ ብሎኝ በሻሼ ጠምጥሜ በአንድ እጄ መልቀም ቀጠልኩ። ባለቤቴ ከላይ ሸክም ላይ ስለነበር አላየኝም።

ማዳም አዩኝ። ረድፉን አቋርጠው መጡ፣ ምንም ሳይጠይቁ እጄን ያዙና ሻሹን ፈቱት። ውሃ አምጡ አሉ። አጠቡልኝ። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገው እጄን ከራሴ በላይ አንስተው ያዙልኝ። ቁመታቸው አጭር ነው፣ ተንጠራርተው ነበር የያዙት። በመኪናቸው ውስጥ ሁሉ «እጅሽን ወደ ላይ! ወደ ላይ!» እያሉ አንድ ዓይናቸው መንገድ ላይ፣ አንዱ እኔ ላይ። ሐኪሙ ሁለት ቦታ ሰፋኝ። እሳቸው እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ፣ ያ ሁሉ ወይን ሜዳ ላይ እያለ፣ ያ ሁሉ ሰው ትእዛዝ እየጠበቃቸው። ቦርሳዬን ከፍቼ ልክፈል ስል እጄን መለሱት። አንድ ወረቀት ለሐኪሙ ሰጡት፣ የሥራ ላይ አደጋ ወረቀት ነው። ሰባራ ሳንቲም አልከፈልኩም። የዚያ ቀን ደሞዜ አልተቆረጠም። ሐኪሙ እረፊ ያለኝ ቀናትም በኋላ በኢንሹራንሱ በኩል ባንክ ገባልኝ። ወረቀቱ ምን ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር ያ ደቡብ ያለው ልጅም ይሄ ሁሉ ይገባው እንደነበር ነው።

መቀመጥ ስላልለመድኩ በማግስቱ ወጥ ቤት ገብቼ በአንድ እጄ ሽንኩርት ልልጥ ስል ማዳም አባረሩኝ። «ሐኪሙ እረፊ ብሎሻል፣ ወረቀት ላይ ጽፏል!» ብለው ተቆጡ። ምሳና እራት ግን እንደማንም ቀረበልኝ። እንደዚህ ዓይነት ቁጣ ይብዛልኝ።

ስለ ምግቡም ልናገር። በዚያ አገር ወይን ለቃሚው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚያው ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ ይቀምሳል። ዳቦ፣ አይብ፣ ቡና፣ ደግሞ የደረቀ የአሳማ ሥጋ። እኛ አንበላም። የመጀመሪያው ቀን ዳቦ ብቻ ስንገምጥ አይተውን ዝም አሉ። በማግስቱ ለኛ የተቀቀለ እንቁላል መጣ። ረቡዕና ዓርብ እንደምንጾም ባለቤቴ በስንት ምልክትና በስንት ሳቅ አስረዳቸው፣ ከዚያ በኋላ በጾም ቀን ምስር በቲማቲም ይሠሩልናል። እንቁጣጣሽን በምስር አሳለፍን ማለት ነው። ዶሮ ባይኖርም ማንም አልከፋውም። ማምሻውን እኔ ይዤው የሄድኩትን ቡና አፍልቼ ለሁሉም አዳረስኩ። ማዳም ሁለት ስኒ ጠጥተው እንቅልፍ አጣሁ ብለው ጠዋት ሲነጫነጩ ነበር።

ባለቤቴ የዝዋይ ልጅ ነው። ፈረንሳዮቹ ካስቴሎች ዝዋይ የተከሉትን ወይን በአውቶብስ መስኮት እያየ ነው ያደገ ያህል የሚያወራው፣ ስለዚህ ወይን አውቃለሁ ባይ ነው። ማዳም ይሄን ሲሰሙ ሆቱን አሸከሙት። ሆት ማለት ለቃሚው የሞላውን ባልዲ የሚገለብጥበት፣ በጀርባ የሚታዘል ትልቅ ዕቃ ነው። ቁልቁለቱን ሲወርድ እግሩ እየተንቀጠቀጠ «ቀላል ነው» ይለኛል። ማታ ግን ወገቡን የምቀባው እኔ ነኝ!

እንዳታለላችሁ አልፈልግም፣ ሥራው ከባድ ነው። ቦዦሌ ውስጥ በማሽን ከመልቀም ይልቅ በእጅ የሚለቀመው ዘለላው ሳይፈርስ እንዳለ ጋን ውስጥ እንዲገባ ነው አሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወገባችሁ የናንተ አይመስላችሁም። ዝናብ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ተርብ አለ። መታጠቢያው ጋ ማታ ሰልፍ አለ። ማዳምም የዋህ ብቻ አይደሉም። ዘለላ ጥላችሁ ካለፋችሁ፣ ወይ ባልዲው ውስጥ ቅጠል ካበዛችሁ ከረድፉ ጫፍ ጀምሮ ነው የሚጮኹት። ለሁሉም እኩል ነው፣ ለልጃቸውም ይጮኻሉ። ከጮኹ በኋላ ግን ቂም የለም፣ ይረሱታል።

የመጨረሻው ቀን ረቮል የሚሉት ግብዣ አለ። ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላል፣ ይዘፈናል። ባለቤቴ እስክስታ አስተማራቸው፣ የማዳም ልጅ ትከሻውን ሊሰብር ነበር። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ሰው እየተጠራ የሠራው ሰዓት ከሳቸው ደብተር ጋር ይመሳከራል። እኔ በስልኬ የመዘገብኩት ከሳቸው ይለያል። የኔ ያንስ ነበር! እሳቸው የረሳሁትን ሰዓት ጨመሩልኝ። ብሩ ባሉት ቀን ገባ። የክፍያ ወረቀቱም፣ ፊሽ ደ ፔው፣ በፖስታ ቤታችን ድረስ መጣ፣ ዕረፍት ላልወጣንበት የሚጨመረው አሥር በመቶም አለበት። ያን ወረቀት አስቀምጡ፣ አትጣሉ። ነገ ለቤት ኪራይ ስትጠየቁ፣ ለዜግነት ስታመለክቱ እሱ ነው የሚናገርላችሁ። እኛ ቤት ስንከራይ አቀረብነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። ወጣት ሆናችሁ ሥራ ፈትታችሁ የተቀመጣችሁ፣ ባልና ሚስት ሆናችሁ ትንሽ ብር ማጠራቀም የምትፈልጉ፣ እኚህ ሴትዮ ጋ ሂዱ። ሌላ ቦታ ብትሄዱም እንኳን ውል ሳትፈርሙ መቀስ አታንሱ፣ ካርዳችሁን ለማንም አታስይዙ፣ ያገራችሁ ልጅም ቢሆን። በተለይ ያገራችሁ ልጅ ከሆነ ብል ይሻላል መሰለኝ፣ ምክንያቱም እምቢ ማለት ይከብዳል።

ማዳም የሥራ ፈቃድ የሌለውን ሰው አይቀጥሩም፣ ስልክ ላይ በግልጽ ይነግሯችኋል፣ እንዳይከፋችሁ። ለሚቀጥለው ዓመት የምታስቡ ሰኔ ላይ ደውሉ፣ ነሐሴ ከገባ ስም ዝርዝሩ ሞልቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ቡትስ ጫማና የዝናብ ልብስ ያዙ፣ ጓንት እዚያ ይሰጣል። ባለትዳሮች ደግሞ ስትደውሉ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ለብቻዋ ያለችው ክፍል አንዲት ብቻ ናት። እሷን ግን ከኛ ጋር ትሻማላችሁ፣ እኛም እንመለሳለን።