የለመዱት አየር መንገድ ወይስ አዲሱ?

ሰው አየር መንገድ የሚቀይረው በዋጋ ብቻ ይመስለናል። እኔ የቀየርኩት ግን በሻንጣ ነው። ለዓመታት በአንዱ ስመላለስ ቆይቼ አንድ ቀን ሻንጣዬ ቀረ። የሻንጣ ማዞሪያው ባዶውን እስኪቆም ድረስ ጠበቅኩ፤ ከዚያ አራት ቀን ሙሉ ብደውል ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ሻንጣው በኋላ መጣ፣ ልቤ ግን አልተመለሰም። መጥፋቱ ሳይሆን ዝምታው ነው ተስፋ ያስቆረጠኝ።

የለመዱትን ይዞ የመቆየት ትልቁ ጥቅም ማይል ነው፣ ማለትም በበረርክ ቁጥር የሚጠራቀምልህ ነጥብ። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 ይህን አሰራር ሲጀምር ሐሳቡ ደንበኛው ሌላ ጋ እንዳይሄድ ነበር። ብዙ የምትበር ከሆነ በእርግጥ ያዋጣል፦ ተጨማሪ ሻንጣ፣ ላውንጅ (ልዩ የመንገደኛ ማረፊያ ክፍል)፣ በረራ ሲሰረዝም ቅድሚያ። በዓመት አንዴ ለምትበር ግን ማይሉ ሳይጠራቀም ጊዜው ሊያልፍ ይችላል፣ ለእሱ ብለህ በደል አትቻል።

አዲሱ ጋ ደግሞ ትኬቱ ረከሰ ብለህ አትቸኩል። ሻንጣ፣ የመቀመጫ ምርጫና ምግብ ደምረህ እይ፤ አንዳንዴ ልዩነቱ ጭራሽ ይጠፋል። ሁለት የተለያየ ትኬት ቆርጠህ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጠህ፣ ሁለተኛው አየር መንገድ ብዙ ጊዜ አይመለከተኝም ነው የሚልህ።

የሻንጣ መብትህ ግን ሁለቱም ጋ ያው ነው። የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት በሚሠራባቸው ዓለም አቀፍ በረራዎች፣ መድረስ ከነበረበት ቀን አንስቶ በ21 ቀን ውስጥ ያልመጣ ሻንጣ እንደጠፋ ይቆጠራል፣ ካሳም መጠየቅ ትችላለህ።

እኔ ስልክ የሚያነሳውን መርጫለሁ፣ ትንሽ ቢወደድም።