ወዝ የሚሰጥ ርካሽ ፋውንዴሽን ከመንፈቅ በላይ ሲቀቡት

የፊትን ቆዳ መልክ አንድ ወጥ ለማድረግ ስለሚቀባው መዋቢያ፣ ስለ ፋውንዴሽን፣ የሚጻፈው አስተያየት በአብዛኛው ምርቱ በተቀባ በመጀመሪያው ሰዓት የታየውን የሚናገር ነው። ፊትን ወዛም ለማድረግ የተሠራ ፋውንዴሽን ግን በዚያ ሰዓት የማያምርበት ሰው እምብዛም የለም፤ ስለዚህ ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጠየቅ ያለበት ከተቀባው ከስድስት ወይም ከሰባት ሰዓታት በኋላ ፊቱ ምን እንደሚመስል ነው። እኔ ከመንፈቅ በላይ በሥራ ቀናት ስቀባው የቆየሁት በመድኃኒት ቤቶች የመዋቢያ መደርደሪያ ላይ የሚሸጥ፣ 30 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ዋጋው ከቅንጦት ምርቶች ዋጋ እጅግ ያነሰ ፈሳሽ ፋውንዴሽን ሲሆን፣ አሁን ሁለተኛውን ጠርሙስ ጀምሬያለሁ። ቆዳዬ ጠይም ነው፤ ጉንጮቼ ይደርቃሉ፣ ግንባሬና አፍንጫዬ ግን ቅባት ያወጣሉ፤ በጉንጬ አጥንት ላይም ቀለል ያለ ማዲያት አለብኝ።

በጠርሙሱ ላይ በሰፈረው የንጥረ ነገሮች ዝርዝር መጀመሪያ ላይ የሚገኘው ውኃ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ከተቀባ በኋላ ተንኖ የሚጠፋ ሲሊኮን፣ ከዚያም ግሊሰሪን ይመጣል። ዝርዝሩ ከብዙው ወደ ትንሹ እየወረደ ስለሚጻፍ ግሊሰሪኑ ወደ ፊት መቀመጡ ብዙ ይናገራል፤ ውኃን ስቦ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ የሚይዘውና የደረቁትን ጉንጮቼን የሚያለሰልሰው እርሱ ነውና። ብርሃን የሚመልሰው ደግሞ ሚካ የተባለ የሚያብረቀርቅ ማዕድን ደቃቅ ዱቄት ሲሆን፣ በቅርብ ሲታይ እንኳ ብልጭ ብልጭ የማይል መሆኑን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ዋጋ አልጠበቅሁትም ነበር። ወዝ በማይሰጡት፣ ማት በሚባሉት ፋውንዴሽኖች ውስጥ ቅባትን ለመምጠጥ የሚገቡት ሲሊካና የሸክላ ዱቄት እዚህ የሉም። የምርቱ በጎም ሆነ ክፉ ጠባይ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ጠዋት ከቤት ስወጣ ፊቴ በቂ እንቅልፍ ያገኘና ውኃ የጠጣ ይመስላል። ሽፋኑ ቀላል በመሆኑ የብጉር ጠባሳን ያለዝባል እንጂ አይደብቅም፤ ማዲያቴም ከሥሩ በስሱ ይታያል፤ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፣ የፈለገ ሰው በዚያ ቦታ ብቻ ኮንሲለር (ጠባሳና ነጠብጣብ የሚሸፍን ወፈር ያለ ቀለም) ሊጨምር ይችላልና። እኩለ ቀን ላይ ጉንጮቼ እንደ ጠዋቱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግንባሬና አፍንጫዬ ላይ የሚታየው ብርሃን ግን የፋውንዴሽኑ ሳይሆን የራሴ ቅባት ነው፤ ሁለቱም የተለያየ መልክ አላቸው። የመጀመሪያው በጉንጭ አጥንትና በአፍንጫ ድልድይ ላይ እንደ ጤናማ ቆዳ ወዝ ተበትኖ ይታያል፤ ሁለተኛው በቅንድቦች መካከልና በአፍንጫ ግራና ቀኝ ይጠራቀምና ቀለሙን ከቦታው እያንሸራተተ ወደ ቆዳ ቀዳዳዎች ይከተዋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ፈጥኖ ፓውደር ያነሣል፤ ቅባት ላይ የተጨመረ ፓውደር ግን ይጓጉላል። የተሻለው መጀመሪያ ሶፍት ሳያሹ በቀስታ ተጭኖ ቅባቱን ማንሣት፣ ከዚያም በትንሽ ብሩሽ ግንባርን፣ አፍንጫንና አገጭን ብቻ በፓውደር መንካት ነው። ፊቱን ሙሉ ፓውደር የሚያለብስ ሰው ወዝ የሚሰጥ ፋውንዴሽን የገዛበትን ምክንያት አጠፋው ማለት ነው። ሳይጠቀስ መታለፍ የሌለበት ሌላው ነገር ደግሞ ይህ ምርት ፈጽሞ የማይደርቅ በመሆኑ የነጭ ሸሚዝ ኮሌታንና የስልክን ፊት ማቅለሙ ነው፤ ለዚህ ፓውደርም ብዙ አልረዳኝም።

የቀለም ምርጫው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የፋውንዴሽን ቀለም በመሠረቱ የአራት ዱቄቶች ድብልቅ ነው፤ ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ ቢጫው፣ ቀዩና ጥቁሩ የብረት ኦክሳይዶች ናቸው። ነጩ ከሚገባው በላይ ሲበዛ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ፊቱ አመዳም ይሆናል፤ በርካሽ ምርቶች ደግሞ ለጠቆረ ቆዳ የሚሆኑት ቀለሞች ብዙ ጊዜ ጥቂት ናቸው፣ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ያለው ልዩነትም ሰፊ ነው። እኔ የያዝሁት ቀለም ይስማማኛል፤ ይሁን እንጂ ሲቀባና ጥቂት ሲቆይ አንድ አይደለም፤ ተናኙ ክፍል ሲጠፋና ቀለሙ ከቆዳ ቅባት ጋር ሲዋሐድ በግልጽ ይጠቁራል። ስለሆነም በእጅ አንጓ ላይ ሳይሆን በመንጋጋ ጠርዝ ላይ ተቀብቶ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ በቀን ብርሃን መታየት አለበት።

አቀባቡን በተመለከተ፣ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ ስፖንጅ ከብሩሽም ከጣትም ይሻላል፤ የተረፈውን ስለሚመጥ ሽፋኑ ስስ ይሆናል፤ ስስ ሽፋን ደግሞ በከንፈር ዳርና በዓይን ሥር ባሉ መስመሮች ውስጥ አይጠራቀምም። ከሥሩ የሚቀባው ክሬምና ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ) እስኪረጋ ካልተጠበቀ ግን ፋውንዴሽኑ እየተጠቀለለ ይነሣል።

ሰንስክሪንን ካነሣሁ፣ በጠርሙሱ ላይ ኤስፒኤፍ 15 ተብሎ ስለተጻፈው ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልወድም። ከፀሐይ የመከላከል አቅምን የሚያሳየው የኤስፒኤፍ ቁጥር በቤተ ሙከራ የሚለካው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው፤ ያን ያህል ፋውንዴሽን ተቀብቶ ወደ ሰው የሚወጣ ሰው አላውቅም። ቁጥሩ ጥቅም የለውም ማለቴ ሳይሆን የሰንስክሪንን ቦታ አይተካም ማለቴ ነው። በአንጻሩ ፋውንዴሽኑ ብዙ ጊዜ የማይወራለት ጥቅም አለው፤ የብረት ኦክሳይዶች ማዲያትን ከሚያባብሰው ከሚታየው ብርሃን የተወሰነውን ስለሚያግዱ፣ ቀለም ያለው ሽፋን በሰንስክሪን ላይ መደረቡ እንደ እኔ ላለ ሰው ተጨማሪ እገዛ ነው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይዱ ግን የፍላሽ ብርሃንን ወደ ካሜራው ስለሚመልስ፣ በምሽት በፍላሽ በተነሣ ፎቶ ላይ ፊት ከአንገት ነጥቶ ሊወጣ ይችላል።

ጠርሙሱ ፓምፕ የለውም፤ ሲገለበጥ ከሚፈለገው በላይ ይፈሳል። ሽታው ቀላል ቢሆንም ሽቶ ገብቶበታል፤ እኔን ብጉር አላወጣብኝም፣ አላሳከከኝምም፤ ለሽቶ የሚቆጣ ቆዳ ያለው ሰው ግን ይህን ሊተወው ይገባል። ጉንጩ እንደ እኔ የሚደርቅ ሰው ሳይሰጋ ሊገዛው ይችላል። ፊቱ በሙሉ ቅባት የሚያወጣ ሰው ግን በየሁለት ሰዓቱ ሶፍት ይዞ ከመስተዋት ፊት ከመቆም ማት ፋውንዴሽን ተቀብቶ፣ ከዚህኛው አንድ ጠብታ ጉንጩ አጥንት ላይ ብቻ ቢደርብ ይሻለዋል።