ኮፐንሃገን ወይስ ስቶክሆልም? ከጓደኞች ጋር ለአጭር ጉዞ

አርብ ማታ ገብታችሁ እሁድ ማታ የምትመለሱ ከሆነ ኮፐንሃገን ትሻላችኋለች። አንድ ሌሊት መጨመር ከቻላችሁ ግን እኔ ስቶክሆልምን እመርጣለሁ። የሸንገን ቪዛ ለሁለቱም ይሠራል። ኪስ በማራቆትም አይተናነሱም።

የኮፐንሃገን ኤርፖርት ቅርብ ነው። ሜትሮው በሩብ ሰዓት ገደማ መሀል ከተማ ያደርሳል፤ ሌሊቱን ሙሉም ይሠራል። በረራው ቢዘገይ ለታክሲ አትጨነቁም። የስቶክሆልሙ አርላንዳ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ፈጣኑ ባቡር 20 ደቂቃ እንኳን አይፈጅበትም፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ብዙ ከሆናችሁ አውቶቡስ ይሻላል።

ኮፐንሃገን በእግርና በብስክሌት የምትዳረስ ከተማ ናት። ኒሃውን ወደቡ ዳር ያሉትን ባለቀለም ቤቶች ፎቶ አንሱ፤ ምሳውን ግን ሌላ ሰፈር ብሉ። ከ1913 ጀምሮ ድንጋይ ላይ የተቀመጠችው የትንሿ ሜርሜድ (ከወገብ በታች ዓሣ የሆነች ሴት) ሐውልት 1.25 ሜትር ብቻ ናት። ከመሀላችሁ አንዱ «ይቺ ናት እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ያንን ሰዓት ክርስቲያንስሃውን ሰፈር ላለው የመድኃኔዓለም ቤተክርስቲያን ማማ ብትሰጡት ይሻላል። 400 ደረጃ አለው። የመጨረሻዎቹ 150ዎቹ በውጭ በኩል ማማውን እየተጠመጠሙ ይወጣሉ፤ ጫፉ ጋ ሲደርሱ ጠበው ጠበው እግር ማሳረፊያ ያሳጣሉ። ከፍታ የሚፈራ ጓደኛ ካላችሁ ታች ቡና ይጠጣ።

ስቶክሆልም 14 ደሴቶች ላይ የተዘረጋች ስለሆነች መንገዱ ጊዜ ይበላል። ግን ቫሳ የተባለች የጦር መርከብ ያለችበት ቫሳ ሙዚየም ብቻውን ጉዞውን ይክሳል። መርከቧ በ1628 በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ ከወደቡ ሳትርቅ ሰጠመች። በ1961 ከባሕር ስትወጣ እንጨቷ ከሞላ ጎደል ሙሉ ነበር። አሁን ደብዘዝ ባለ አዳራሽ ውስጥ ቆማለች፤ በየፎቁ እየወጣችሁ ከጎኗ ታዩአታላችሁ። ግማሽ ቀን ስጧት። የሜትሮ ጣቢያዎቹ ሥዕልም ከሜትሮ ትኬታችሁ ሌላ ሳትከፍሉ የሚታይ ነው።

ማታ አብሮ መጠጣት ካሰባችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ስዊድን ውስጥ ወይን የሚሸጠው የመንግሥት መደብር ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ይዘጋል፤ እሁድ ጭራሽ አይከፍትም። ኮፐንሃገን ላይ ማንኛውም ሱፐርማርኬት ይሸጣል።

ታኅሣሥ ላይ ከሆነ ጉዟችሁ፣ ስቶክሆልም 9 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቅባችኋለች። ስቶክሆልምን ለሰኔ አቆዩአት።