ከኬልቄዶን ወደ ቁስጥንጥንያ በሃያ ደቂቃ፦ የኢስታንቡል ቫፑር በአምስት የሎዶስ ቀናት

ባለቤቴና እኔ ዘጠኝ ሜትር በምትረዝመው ባለ ሸራ ጀልባችን የማርማራን ባሕር ተሻግረን፣ በዳርዳኔልስ በኩል ወደ ኤጂያን ለመውረድ ስንቃችንን ሁሉ ጭነን ሳለን፣ ቱርኮች ሎዶስ የሚሉት የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ተነሥቶ ኢስታንቡል ላይ አምስት ቀን አስቀመጠን። ሎዶስ የሚመጣው ልክ እኛ ልንሄድበት ካሰብነው አቅጣጫ ነው። ማርማራ እንደ ውቅያኖስ ሰፊ ባይሆንም በዚህ ነፋስ አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ስለሚያስነሣ፣ በትንሽ ጀልባ ፊት ለፊት መግጠሙ ዕቃንም ሰውንም መጉዳት ነው። እኛ የምንጠብቀው ፖይራዝ የተባለውን የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ነበር፤ እርሱ ከኋላ እየገፋ ያወርዳል። እስኪነሣ ድረስ ግን ከ15 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርበት ከተማ ሥራ ፈት ሆነን ስለቀረን፣ ከተማውን ለማየት ወሰንን። የምጽፈው በእነዚያ ቀናት ስለተገለገልንበት የከተማው የመንገደኞች መርከብ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የተሳሳተ ምርጫ መርጠን ነበር። በከተማው የአውሮፓ ክፍል ባለው በኤሚኖኑ ዳርቻ ለጎብኚዎች ተብለው ከተዘጋጁት ጀልባዎች በአንዱ ትኬት ገዛን። ሙዚቃው ከድምፅ ማጉያው እየጮኸ፣ መስኮቱ በሰው ትንፋሽ ደፍኖ፣ ያየነው ነገር ምን እንደሆነ ሳንለይ ተመለስን። በማግስቱ ጀልባችንን ካሰርንበት ማሪና ብዙም ወደማይርቀው፣ በእስያ በኩል ወዳለው ሰፈር ወደ ካዲኮይ በእግራችን ሄደን፣ የከተማው ነዋሪ ለሥራና ለገበያ የሚሳፈርበትን ተራ መርከብ ያዝን፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አልፈለግንም።

ቱርኮች ይህን መርከብ ቫፑር ይሉታል። ቃሉ እንፋሎት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የተወሰደ ሲሆን የእኛ «ባቡር»ም የዚያው ቃል ዘመድ ነው። አገልግሎቱን ለማግኘት ኢስታንቡልካርት የተባለውን ካርድ ገዝቶ ገንዘብ መሙላት ብቻ ይበቃል። በዚያው ካርድ በአውቶቡስ፣ በትራም፣ በሜትሮና በባሕሩ ሥር በሚያልፈው ባቡር መሄድ ይቻላል። ዋጋው ለጎብኚ ጀልባ ከከፈልነው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ብንሻገርም ኪሳችን አልተሰማውም።

ከካዲኮይ ወደ ኤሚኖኑ የሚደረገው ጉዞ ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። መርከቡ ከወደቡ ሲለቅ እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተውና ጀርመኖች የነደፉት የሃይደርፓሻ የባቡር ጣቢያ በስተቀኝ ውሃው ዳር ቆሞ ይታያል። ማዕበል የሚገታውን ግንብ አልፎ ወደ ሰፊው ውሃ ሲወጣ በስተግራ የሱልጣን አህመድ መስጊድ ስድስት ሚናራቶች፣ ቀጥሎ የቀድሞዋ ቤተ ክርስቲያን የዛሬዋ መስጊድ የሐጊያ ሶፍያ ጉልላት፣ ቀጥሎም የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የማድ ቤት ጭስ ማውጫዎች በተራ ይመጣሉ፤ ፊት ለፊት ደግሞ ጀኖዋውያን እ.ኤ.አ. በ1348 የሠሩት የገላታ ግንብ ይታያል። ጠዋት ፀሐይ ከበስተኋላ ስለምታበራ ይህ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ስለዚህ ከካዲኮይ የሚነሣ ሰው ከውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር በግራ በኩል ቢቀመጥ ይሻለዋል። ሻይ አቅራቢው ወገቧ ቀጠን ባለች ብርጭቆ ሻይ በትሪ ይዞ ይዞራል፤ ሲሚት የተባለውን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ የያዙ ልጆችም ከመርከቡ ጎን ለሚበርሩት ወፎች ይወረውራሉ።

ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ግን ይህ መሻገሪያ ከመልክዓ ምድሩ በላይ ትርጉም አለው፤ ካዲኮይ የጥንቷ ኬልቄዶን ናትና። እ.ኤ.አ. በ451 ጉባኤው የተቀመጠባት፣ ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ የማትቀበለው ውሳኔ የተወሰነባት ከተማ አሁን የዓሣ ገበያና ቡና ቤት የሞላባት ሰፈር ሆናለች። የሚሻገሩት ደግሞ ኤሚኖኑ ወዳለባት ወደ ጥንቷ ቁስጥንጥንያ ነው። ልጅ ሆኜ በሰንበት ትምህርት ቤት «ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ በኒቅያ፣ መቶ ሃምሳው በቁስጥንጥንያ፣ ሁለት መቶው በኤፌሶን» እያልሁ የጉባኤዎቹን አባቶች ቁጥር በቃሌ ስይዝ፣ ሦስቱም ከተሞች ዛሬ በአንድ አገር ውስጥ እንደሚገኙ አላውቅም ነበር። ኬልቄዶንን ከቁስጥንጥንያ የሚለያት አንድ ብርጭቆ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ የሚፈጅ ውሃ መሆኑን ማየት፣ አባቶቻችን ስለ ሃይማኖት የተከራከሩበትን ዘመን ከመጽሐፍ አውጥቶ ፊት ለፊት ያኖረዋል። ባለቤቴና እኔ በዚያ ወንበር ላይ ብዙ አልተነጋገርንም።

እንደ መርከበኛ ደግሞ የማደንቀው አለ። ጥቁር ባሕርንና ማርማራን በሚያገናኘው በቦስፎረስ ወሽመጥ የላይኛው ውሃ ከጥቁር ባሕር ወደ ማርማራ ሲፈስስ፣ ጨው የበዛበት ከባዱ ውሃ ከሥሩ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል። ሎዶስ ሲበረታ ደግሞ የላይኛው ውሃ ራሱ ይገታል፤ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ላይ የጭነት መርከቦች፣ የዓሣ አጥማጅ ጀልባዎችና ሌሎች ቫፑሮች በየአቅጣጫው ይመላለሳሉ። ያ ትልቅ መርከብ በዚህ ሁሉ መካከል በጎን ሲጠጋ፣ ገመድ ወርዋሪው በአንድ ውርወራ ምሰሶውን ሲይዝ፣ መሻገሪያው ጣውላ ሲዘረጋ ያለው ሥርዓት የዘመናት ልምድ ያለበት ነው። እኛ ዘጠኝ ሜትሯን ጀልባ ለማሰር ስንት ጊዜ እንደምንጯጯህ ስለማውቅ፣ ከመውረዴ በፊት ቆሜ ማየትን ልማድ አደረግሁ። ወጣቶቹ ገመዱ ሳይጠብቅ ዘልለው ይወርዳሉ፤ ጎብኚ ግን ጣውላው እስኪዘረጋ ቢታገሥ ይበጀዋል።

ከኤሚኖኑ ተነሥቶ ሽቅብ በእግር ሲወጣ ሐጊያ ሶፍያ ሩቅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚ 25 ዩሮ ከፍሎ የላይኛውን ሰገነት ብቻ ያያል፤ ምድር ቤቱ ለሰጋጆች ተትቷል። ሰልፉ ረጅም ቢሆንም ከላይ የሚታየው ጉልላት ይክሳል። ዛሬ የቆመው ሕንፃ ንጉሥ ዮስጢኒያኖስ እ.ኤ.አ. ከ532 እስከ 537 ያሠራው ሲሆን፣ በዚያው ቦታ የነበረው የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን የተቃጠለው እ.ኤ.አ. በ404፣ ዮሐንስ አፈወርቅ ከመንበሩ ተነሥቶ ሲሰደድ በተነሣው ሁከት ነበር። በእርሱ ስም በሚጠራው ቅዳሴ ያደግን ሰዎች ያ ሊቅ የሰበከበትን ምድር ረግጠን ስንቆም የተሰማንን መግለጽ ይከብደኛል። ዝናብ ሲመጣ በአቅራቢያው ወዳለው ከመሬት በታች ወደተሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ ወርደን፣ ከ336ቱ ዓምዶች መካከል ስንዘዋወር ቆየን። የተሸፈነውን ትልቁን ገበያ ግን በግፊያው ምክንያት በአንድ በር ገብተን በሌላው ወጣን።

ስለ ሕዝቡ ብዛት መናገር አለብኝ። ጠዋት ወደ ሥራ በሚገባበትና ማታ በሚወጣበት ሰዓት መርከቡ ስለሚሞላ መቆም ግድ ይሆናል፤ ኤሚኖኑ ላይም ሰው ከሰው ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ረፋዱ ላይ የሚሳፈር ሰው ግን ወንበር አያጣም። ሌላው ማወቅ የሚገባው ነገር ሎዶስ ሲበረታ መርከቦቹ መቆማቸው ነው። በሦስተኛው ቀን እንዲሁ ሆነ፤ ማዕበሉ በግንቡ ላይ እየዘለለ መንገዱን ያረጥብ ነበር፤ ለደኅንነት ሲባል መቆማቸውም ትክክል ነው። በዚያ ቀን እ.ኤ.አ. በ2013 በተከፈተው በባሕሩ ሥር በሚያልፈው ማርማራይ በተባለው ባቡር ተሻገርን። ለካዲኮይ ከሚቀርቡት ጣቢያዎች አንዱ አይሪሊክ ቼሽሜሲ ይባላል፤ የመለያያ ምንጭ ማለት ሲሆን፣ በድሮ ዘመን ወደ መካ የሚሄዱ ምዕመናን ከቤተሰባቸው የሚሰናበቱበት ቦታ ነበር። ባቡሩ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ጨለማ ነው፤ ምንም አይታይበትም።

በአራተኛው ቀን ነፋሱ ጋብ ሲል ቦስፎረስን እስከ አናዶሉ ካቫጊ መንደር የሚወጣውን ረጅሙን ጉዞ ሄድን፤ መውጫው ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ጊዜ ያለው ሰው ከመሻገሪያው ቀጥሎ ይህንን ቢመርጥ እላለሁ። ሱልጣን መሐመድ ከተማይቱን ከመያዙ በፊት እ.ኤ.አ. በ1452 በአራት ወር ያህል ያስገነባው የሩሜሊ ምሽግ ሥር ሲደረስ፣ ወሽመጡ 700 ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ይጠባል፤ ውሃውም እንደ ወንዝ ሲሮጥ በዓይን ይታያል። በአናዶሉ ካቫጊ ከመርከቡ ወርደን ዳገቱን ወጥተን፣ ከፈረሰው ምሽግ ሥር ተቀምጠን ጥቁር ባሕርን አየነው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት እንደ ልማዳችን ከካዲኮይ ተሳፈርን። ከወሽመጡ አፍ በስተደቡብ ተራቸውን የሚጠብቁ ትልልቅ የጭነት መርከቦች መልሕቅ ጥለው ይቆማሉ፤ ባለቤቴም በየቀኑ ከሻዩ በፊት የሚያየው እነርሱን ነበር። «ተመልከች፣ ዞረዋል» አለኝ። እውነትም አፍንጫቸውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ መልሰው ነበር፤ አየሩም ቀዝቅዟል። ኤሚኖኑ ላይ ወርደን ከተማውን ሳንመለከት በዚያው መርከብ ተመለስን፤ ውሃና ዳቦ ገዝተን በማግስቱ ጎሕ ሲቀድድ ሸራችንን ዘረጋን። በካርዱ ላይ ለጥቂት መሻገሪያ የሚበቃ ሂሳብ ስለቀረ፣ ገመዳችንን ለፈታልን ለማሪናው ወጣት ሠራተኛ ሰጠነው።