«ጋስኬት ብቻ ነው የተቀየረው» እየተባሉ የሚሸጡ ባለ 2ሲ ሞተር ናፍጣ ቶዮታዎችን በተመለከተ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

«ናፍጣ ነው፣ ይቆጥባል፣ ሞተሩም በቅርቡ ታድሷል» ተብሎ ለሽያጭ የሚቀርብ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ፣ ካሪና፣ ኮሮና ወይም ላይትኤስ ካጋጠማችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እጠይቃለሁ። የምጽፈው 2ሲ ተብሎ ስለሚታወቀው ሞተር ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ በ2012 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ ሆኗል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ቀድሞ የገቡት አሮጌ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወሩ ዋጋቸው ከዕድሜያቸው ጋር የማይገናኝ ሆኗል። በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ ከአምሳያዎቹ ረከስ ብሎ የቀረበ ናፍጣ ኮሮላ ሲገኝ፣ የረከሰበትን ምክንያት በመጀመሪያ መፈለግ ያለብን ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው፣ ከሥሩም በጋስኬት፣ ማለትም ውሃና ጋዝ እንዳያፈስ በሚገባ ስስ መዝጊያ፣ የሚታሸገው የሞተሩ ክፍል) ላይ ነው።

ሞተሩን በጅምላ ማውገዝ አልፈልግም። 2ሲ አራት ሲሊንደርና ስምንት ቫልቭ ያለው፣ 1,974 ሲሲ የሆነ የናፍጣ ሞተር ሲሆን፣ የሲሊንደሩ ስፋት 86 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምት ደግሞ 85 ሚሊ ሜትር ነው። ተርቦ (አየርን ወደ ሞተሩ በኃይል የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው 2ሲ የሚሰጠው ጉልበት 72 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ በመሆኑ ማንንም አያስደንቅም፤ በልኩ ለሚነዳው ሰው ግን በ100 ኪሎ ሜትር ከ6 እስከ 7 ሊትር ናፍጣ እየጠጣ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ አይረጭም፤ መጀመሪያ ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ተረጭቶ መቃጠል ይጀምርና ከዚያ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ይህ አሠራር የሞተሩን ድምፅ ለስለስ ቢያደርገውም፣ የቃጠሎውን ከፍተኛ ሙቀት ቴስታታው ላይ ያከማቻል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ብረት፣ ቴስታታው ግን አሉሚኒየም ሲሆን፣ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ ከልክ በላይ ከፈላ ቴስታታው ይጣመማል፤ በመግቢያውና በመውጫው ቫልቭ መካከል ያለችው ጠባብ ድልድይም ትሰነጠቃለች። ስንጥቁ መጀመሪያ በዓይን የማይታይ ክር ነው፤ ሞተሩ በበረደና በሞቀ ቁጥር እየሰፋ ሄዶ የውሃውን መተላለፊያ ሲነካ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ራዲያተሩ፣ ውሃው ደግሞ ወደ ሲሊንደሩ መግባት ይጀምራል። በጣም የሚፈራው ተርቦ ያለው 2ሲ-ቲ ሲሆን፣ በተለይም ሞተሩ ከወንበር ሥር በተደበቀባቸው ላይትኤስና ታውንኤስ መኪኖች ላይ አየሩን ከውሃው መስመር አሟጦ ማውጣት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ ውሃ የጎደለበት ሞተር ደግሞ ደጋግሞ ይፈላል።

የአገራችን መልክዓ ምድርም ለዚህ ሞተር አይራራለትም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ክዳኑ በተከፈተ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ ግፊት መያዝ ያቃተው ያረጀ የራዲያተር ክዳን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ መኪና ይልቅ እዚህ ይበልጥ ይጎዳል። አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ሾፌሩም ለማካካስ ነዳጁን እስከ ጥግ ይረግጣል። ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ወይም ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣውን ዳገት አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ በሁለተኛ ማርሽ የወጣ 2ሲ ምን ያህል ሙቀት እንደተሸከመ መገመት አያዳግትም። በዚህ ላይ አብዛኞቻችን በራዲያተሩ ውስጥ የምንጨምረው ዝገት የሚከላከለውን ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ነው።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት የገዛው ኮሮላ ማታለያው እንዴት እንደሚቀነባበር በደንብ ያሳያል። ደላላው «ጋስኬት ብቻ ነው የተቀየረው፣ ቴስታታው አልተነካም» ብሎት ነበር። መኪናውን ሊያይ በማለዳ ሲደርስ ኮፈኑ ለብ ብሎ ጠበቀው፤ ሻጩ «አሁን ዳቦ ልገዛ ወጣ ብዬ ነበር» አለው። የራዲያተሩ ውሃ ከምንጭ የተቀዳ ይመስል ጥርት ያለ ነበር፤ ሞተሩም ብርማ ቀለም ተቀብቶ ያበራል። ከገዛው በኋላ ከአዳማ ሲመለስ ሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ መስመር ወጣ። ጋራዥ ሲፈታ እኔም ቆሜ አይቻለሁ፦ ከብርማው ቀለም ሥር የቴስታታው ቡሎኖች ጠርዝ በቁልፍ ተላልጧል፤ በሁለት ሲሊንደሮች ላይ ደግሞ በቫልቮቹ መካከል የብየዳ ጠባሳ ነበር፤ ከጠባሳው ጎን አዲስ ስንጥቅ ተጀምሯል። ቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ ውሃው ወደ ራዲያተሩ የሚሄድበትን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ) የሚቀመጥበት ቦታ ባዶውን ተዘግቷል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በጋራዦቻችን እንደ መፍትሔ ሲቆጠር ሳይ እናደዳለሁ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በአጭር የሙከራ ጉዞ ላይ መለኪያውን ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ለሻጭ ይመቸዋል። ነገር ግን በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በራዲያተሩ በኩል ሳያልፍ የሚዞረውን የውሃ መንገድ ስለሚዘጋ፣ እርሱ ሲወጣ ከውሃው የተወሰነው ክፍል ሳይበርድ ተመልሶ ይዞራል፤ ዳገት ሲመጣም ሞተሩ ከበፊቱ ብሶ ይፈላል።

«ጋስኬት ብቻ» የሚለው አነጋገር ራሱ መጠርጠር አለበት። ጋስኬት ያለምክንያት አይቃጠልም። ቴስታታው ከወረደ በኋላ ቀጥ ማለቱ ተለክቶ፣ በግፊት ስንጥቅ ተፈልጎበት፣ ፒስተኖቹ ከብሎኩ ወለል በላይ የሚወጡበት መጠንም ታይቶ ከተለያየ ውፍረት የሚስማማው ጋስኬት መመረጥ ይኖርበታል። ስለዚህ ሻጩን የት ጋራዥ እንደተሠራ፣ ቴስታታው ተላጭቶ እንደሆነ፣ በግፊት ተፈትሾ እንደሆነና ደረሰኙ የት እንዳለ ጠይቁት። ሥራውን በትክክል ያሠራ ሰው ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ አያጣም።

ምርመራው መጀመር ያለበት ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው። መኪናውን ከዋዜማው ነድታችሁ በደንብ ካሞቃችሁት በኋላ እናንተ በምታውቁት ቦታ ቢያድር ይመረጣል። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ ቱቦ ጨብጡት፤ ሌሊቱን ሙሉ በርዶም በግፊት እንደተነፋ ከጠበቃችሁ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው ብላችሁ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አላችሁ። ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ በውሃው ላይ የዘይት አይን መኖሩን እዩ፤ ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ሳለ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ ድርድሩ እዚያው ያበቃል። በቀዝቃዛ ጠዋት ትንሽ ነጭ ጭስ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ከጠፋ አያስደነግጥም፤ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ደክመውም ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የሚቀጥል ነጭ ጭስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው። መካኒካችሁ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) ሲለካ ለናፍጣ የተሠራ መለኪያ መያዙን አረጋግጡ፤ የ2ሲ መጭመቂያ 23 ለ 1 ገደማ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር መለኪያ አይመጥነውም።

ቀጥሎ የሚታየው ታይሚንግ ቤልቱ ነው። ካምሻፍቱንም (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የናፍጣ ፓምፑንም የሚያዞረው ይኸው ጥርስ ያለው ጎማ ሲሆን፣ በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ በሚመለስበት አገር «ገና 40,000 ነው የነዳው» የሚል ቃል ማስረጃ ስላልሆነ፣ ገዢው ቤልቱን ወዲያውኑ እንደሚቀይር ቆጥሮ ዋጋውን ይደራደር። የናፍጣ ፓምፑ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው በመሆኑ፣ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ ለረጅም ጊዜ የጠጣ ፓምፕ ይበላል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ለመነሳት ካስቸገረ እርሱን ጠርጥሩ። ፍሬኑም አይዘንጋ፤ ለፍሬን ማገዣው አየር የሚስበው ትንሽ ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ስለሆነ፣ ዲናሞው አካባቢ ዘይት ከታየና ፔዳሉ ከጠጠረ ችግሩ ከጌጥ ያለፈ ነው።

ሞተሩ ተቀይሯል የሚባል ከሆነ ደግሞ ብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ቁጥር በጨርቅ ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር አገናኙ። ከውጭ በመጣ ያገለገለ ሞተር ተተክቶ ሊብሬው ላይ ያልተስተካከለ መኪና ስም ለማዛወር ሲኬድ ያስቸግራል፤ ሻጩ በዚያን ጊዜ ስልኩን ላያነሳ ይችላል።

በመጨረሻም ስለ ውሉ። የተለመደው የመኪና ሽያጭ ውል «አይቼ፣ ፈትሼና ወድጄ ተረክቤያለሁ» የሚል ሐረግ ይይዛል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጩ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ቢደነግግም፣ ገዢው ዕቃውን በጊዜው እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ስለሚጠብቅ፣ ያችን ሐረግ ፈርሞ ከወራት በኋላ መከራከር አድካሚ ነው። የአክስቴ ልጅም ያጋጠመው ይኸው ነው፤ ደላላው «ፈትሸህ አይደል የፈረምከው?» አለው። በመሆኑም ሻጩ በቃል የነገራችሁ ሁሉ፣ ማለትም ቴስታታው አለመበየዱ፣ የታደሰበት ቀንና ጋራዥ፣ እንዲሁም የሞተር ቁጥሩ፣ በውሉ ውስጥ በጽሑፍ እንዲገባ አድርጉ። ጋራዥ የምታሠሩት ምርመራ ውጤትም ቀን ተጽፎበትና ማህተም ተደርጎበት ከውሉ ጋር ይያያዝ። ሻጩ ይህን ለመፈረም ካቅማማ ወይም መኪናውን ለአንድ ሌሊት ለማሳደር ካልፈቀደ፣ ቀብዱን በኪሳችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።