አዳማ ሆናችሁ አይ ቪ ኤፍ ላይ ላላችሁ፣ ይቺን ካውንስለር ልጠቁማችሁ

አይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም ጽንሱ ከሰውነት ውጭ ተፈጥሮ ማህፀን ውስጥ የሚገባበትን የመውለድ ሕክምና የጀመራችሁ ወይም የምታስቡ የአዳማ ሴቶች፣ ፖስታ ቤት አካባቢ የምትሠራ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ አለች። "ስሜ ይቅር" ስላለችኝ ስሟን አልጽፈውም። ሳላመሰግናት መቅረት ግን አልቻልኩም።

ሕክምናዬ አዲስ አበባ ነው። ዕድሜ ለፈጣን መንገዱ፣ በጠዋት ወጥተን አልትራሳውንድ ተነስቼ እንመለሳለን። ሆድ ላይ የሚወጋው መርፌም ይለመዳል። ያልተለመደልኝ የሰው አፍ ነው። "አትጨናነቂ፣ የከለከለሽ ጭንቀትሽ ነው" ያላለኝ የለም፤ አክስቴ፣ ጎረቤት፣ የቢሮ ሰው። በኋላማ መጨነቄ ራሱ ያስጨንቀኝ ጀመር! ካውንስለሯ ናት በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ 14 ጥናቶችንና ከ3,500 በላይ ሴቶችን አንድ ላይ ያየውን ሥራ ያስረዳችኝ፤ ከሕክምናው በፊት የነበረ ጭንቀት በዚያ ዙር ማርገዝ አለማርገዝን አይወስንም። "ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ" አለችኝ። እፎይ!

ጽንሱ ከገባ በኋላ ውጤት የሚጠበቅባቸው ሁለት ሳምንታት ከሁሉም ይብሳሉ። የሚሰጠን ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮኑ፣ ጡት ያሳምማል፣ ሆድ ይነፋል፣ ልክ እንደ እርግዝና። ስለዚህ ምልክት መቁጠር ትርፉ ድካም ነው። እሷ ይልቅ ውጤቱን ማን እንደሚሰማ፣ የት ሆነን እንደምንሰማ ቀድመን እንድንወስን አደረገችን። ባሌ ስልኩን ያንሳ፣ ቤት ሆነን ተባባልን። ለአማቴም አንድ መልስ አዘጋጀን፦ "እማዬ፣ ዜና ሲኖር መጀመሪያ የምንነግረው ለእርስዎ ነው።" ይቺ መልስ ስንት የእሁድ ምሳ እንዳተረፈችልኝ!

ውጤቱ ኔጌቲቭ ሆነ። አዎ፣ ይሄ የምሥራች ጽሁፍ አይደለም። የዚያን ቀን ስደውልላት "ቀጣዩ ይሳካል" አላለችኝም፤ "ምሳ በልተሻል?" ነው ያለችኝ። ብዙም ሳይቆይ የአጎቴ ልጅ ወለደች፣ እኔ አራስ ጥየቃ መሄዱ አቃተኝ። ካውንስለሯ "ስጦታውን በእናትሽ ላኪ፣ አንቺ ሲሻልሽ ትሄጃለሽ" አለችኝ። እንደዚያው አደረግኩ፣ ማንም አልተቀየመኝም።

መድኃኒት አታዝም፣ በሐኪሞቹ ሥራም አትገባም። ባሎችንም ታያለች። የኔው "እኔ ምን ላደርግ?" ሲል ከርሞ አሁን ቀጠሮ የሚያስታውሰኝ እሱ ሆኗል። ቅዳሜ ስለሚጨናነቅ በሥራ ቀን ከሰዓት ብትሄዱ ይሻላል። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃታለሁ።